በረባሶ ተጫምቶ ማስተማር

ስለ ጫማ መጻፍ ቁም ነገር ያለቀበት ሰው ሥራ ይመስላል። እኔ ግን እንደ ጫማ ብዙ የሚናገር፣ ተናግሮም የማይጠየቅ ነገር ጥቂት ነው ባይ ነኝ። ኮት በውሰት ይለበሳል፤ ሸሚዝም ታጥቦና ተተኩሶ አዲስ ይመስላል፤ ጫማ ግን በባለቤቱ ላይ ያሳብቃል። በአገራችን ሰው ሰውን የሚያየው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ፍርዱን የሚሰጠው ግን ታች ሲደርስ ነው። ይህን የምጽፈው እኔው ራሴ በሰው አገር በረባሶ ተጫምቼ የማስተምር ሰው ስለሆንኩ ነው። አድራጎቴ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ትክክል አይደለም የሚሉኝ ሰዎች ያቀረቡልኝን ክርክር ግን አቃልዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

የማስተምረው ሒሳብ ነው፤ ቦታውም በሜሪላንድ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ከተማ እምብዛም በማይርቅ አንድ የሕዝብ ኮሌጅ ነው። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ቀን ሠርተው ማታ የሚማሩ ናቸው። ከኤል ሳልቫዶር፣ ከካሜሩን፣ ከቬትናም፣ ከሜክሲኮ የመጡ አሉ፤ የእኛም ልጆች በየሴሚስተሩ አይጠፉም። በረዶው ቀልጦ ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ የቆዳ ጫማዬን እከትትና በረባሶዬን አወጣለሁ፤ እስከ ጥቅምት መባቻ ድረስም እግሬ ሌላ አያውቅም። በተረፈ ሱሪዬ የተተኮሰ፣ ሸሚዜም የጸዳ ነው። (ይህን ማንሳቴ ዝርክርክ ሰው አድርጎ የሚስለኝ አንባቢ እንዳይኖር ነው።)

በረባሶን በስም ብቻ ለሚያውቀው ወጣት አንባቢ ጥቂት ልበል። መነሻው ያረጀ የመኪና ጎማ ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራም ሆነ በየገጠሩ ገበያ የሚቀመጠው ባለሙያ፣ መኪናው አገልግሎበት አገልግሎበት የጣለውን ጎማ በሰላ ቢላዋ ይሰነጥቀዋል። የደንበኛውን እግር ጎማው ላይ አስቁሞ ዙሪያውን በሚስማር ጫፍ ይከባል፤ ምልክቱን ተከትሎ ይቆርጣል፤ ከሳሳው የጎማው ጎን ማሰሪያ ያወጣል፤ ማሰሪያውን በሚስማር ይመታል፤ አለቀ። ሙያዬ ነውና አንድ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ከአንድ ቀለበት መሰል ጠማማ ነገር ብዙ ጥንድ እግር ማውጣት፣ ቁራጭ እንዳይባክን ትልቁን ከትንሹ ጋር ማገጣጠም፣ በመማሪያ መጻሕፍት ከምናስቀምጣቸው ጥያቄዎች የሚያንስ ሒሳብ አይደለም። ያን የሚሠራው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሰም።

የበረባሶ ሌላው ጠባዩ ዱካው ነው። ከዝናብ በኋላ በገጠር የእግር መንገድ የሄደ ሰው፣ የጭነት መኪና ጎማ ቅርጽ እየተቆራረጠ ግራና ቀኝ ሲፈራረቅ አይቶ ይሆናል። መኪና ደርሶበት በማያውቅ ቀጭን ዳገት ላይ የመኪና ዱካ! በልጅነቴ ከእኛ ቀድመው ወደ ገበያ የወረዱት እነማን እንደሆኑ የምንለየው በዚህ ነበር፤ የእገሌ ጎማ ሰያፍ መስመር አለው፣ የእገሌ ደግሞ አራት ማዕዘን ነው እንባባል ነበር። እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩት በበረባሶ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምጫማው ከሱቅ መስኮት አይቼ የወደድኩትን ጌጥ አይደለም።

አሜሪካኖቹ ምን አሉ? እውነቱን ለመናገር ምንም አላሉም ማለት ይቻላል። አንዲት ባልደረባዬ ከምን እንደተሠራ ጠይቃ፣ ከአሮጌ ጎማ መሆኑን ስነግራት ለአካባቢ ጥበቃ የቆምኩ መሰላትና አመሰገነችኝ። ኮሌጁም ስለ መምህራን ጫማ የጻፈው ደንብ የለውም፤ ያለው የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ደንብ ብቻ ነው። እዚያ ጣት የሚያሳይ ጫማ ክልክል ነው፤ አሲድ ቢፈስ፣ ጠርሙስ ቢሰበር እግር እንዳይጎዳ። እዚያ ለመግባት ስገደድ ጫማዬን ያለ አንዳች ማጉረምረም እቀይራለሁ። ምክንያቱን የሚያውቅ ደንብ ይከበራል። በጃፓን ትምህርት ቤቶች መምህሩም ተማሪውም የውጭ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የቤት ውስጥ ጫማ ያደርጋል፤ እዚያ ነውሩ የእኛ የክብር ምልክት የሆነውን የተወለወለ ቆዳ ይዞ ክፍል መግባት ነው።

ተማሪዎቼ ግን ዓይን አላቸው። አንድ ጎልማሳ ቬትናማዊ በመጀመሪያው ሳምንት እግሬን አይቶ ሣቀና በአገሩ ስም ጠራው፤ «ዴፕ ሎፕ» ይሉታል፣ የጎማ ሸበጥ ማለት ነው። ወታደሮቻቸው ፈረንሳይንም አሜሪካንም የተዋጉት በእሱ ነበር፤ ሆ ቺ ሚን ይጫሙት የነበረውም ሐኖይ በሚገኝ ሙዚየም ለሕዝብ ይታያል። ከሜክሲኮ የመጣችው ተማሪዬ ደግሞ አያቷ ከላይ የተጎነጎነ ቆዳ፣ ከታች የመኪና ጎማ የሆነ «ዋራቼ» የሚባል ጫማ እንደነበራቸው ነገረችኝ። በጎረቤታችን በአስመራ የታጋዮች የፕላስቲክ ሸበጥ በአደባባይ ሐውልት ቆሞለታል። ውቅያኖስ የሚለያያቸው፣ ስለ አንዱ ሌላው ሰምቶ የማያውቅ ድሆች፣ ሀብታም የጣለውን ጎማ አንሥተው ወደ አንድ ሐሳብ መድረሳቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። በዚያ ክፍል ውስጥ በረባሶዬ የሦስት አህጉር ቋንቋ ተናግሯል።

የተቃወሙኝ የእኛው ሰዎች ናቸው። አንዱ ወዳጄ በስልክ «ጋሼ፣ የደሞዝ ጉዳይ ከሆነ ለምን አንነጋገርም?» አለኝ፤ ቀልድ አስመስሎ ነው እንጂ ቀልዱ ግማሽ ነበር። ሌላው «አሰደብከን» አለ፤ ማን እንደሰደበን ስጠይቀው ግን የሚጠራው ስም አልነበረውም። እነዚህን በሣቅ አለፍኳቸው። በሣቅ ያላለፍኳቸው አንዲት እናት ናቸው። ማታ ማታ ልጃቸውን በመኪና ሊወስዱ ይመጣሉ፤ እሳቸው ራሳቸው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ይሠራሉ። አንድ ቀን መኪና ማቆሚያው ላይ ሰላምታ ተሰጣጥተን፣ ስለ ልጁ ትምህርት ተነጋግረን ስናበቃ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣል አደረጉና እንዲህ አሉኝ፦

«መምህር፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልበልዎ። እኛ እኮ ከዚህ ጫማ ለመገላገል ነው ባሕር የተሻገርነው። ልጄ ደግሞ እዚህ ድረስ መጥቶ በአስተማሪው እግር ላይ አየው።»

ቅያሜ አልነበረብኝም፤ መልስም አልነበረኝም። ነገሩን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። የሴትዮዋ ንግግር ከሌሎቹ የሚለየው ሰው ምን ይለናል የሚል ስላልሆነ ነው። የሚናገሩት ስለ ድካማቸው ነው። በረባሶ ለእሳቸው ትዝታ አይደለም፤ የሸሹት ነገር ነው።

ታዲያ ይህ ጫማ ይህን ያህል ሸክም እንዴት ሊሸከም ቻለ? በእኛ ዘንድ መጫማት ራሱ የደረጃ ምልክት ሆኖ ኖሯል። አባቶቻችን በባዶ እግር ሲሄዱ ጫማ የባለሥልጣንና የባለጸጋ ነበር፤ ቆይቶ ዘመናዊ ትምህርት ሲስፋፋ የተማረ ሰው መታወቂያ ሆነ። መምህሩ፣ ጸሐፊው፣ የባንኩ ሠራተኛ የሚለዩት በተወለወለ ቆዳ ነው። የሊስትሮን ነገር አስቡት። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ አንድ ልጅ የተቀደደ ጫማ አድርጎ፣ ሣጥኑን ፊቱ አኑሮ፣ የሌላውን ሰው ቆዳ እንደ መስተዋት እስኪያበራ ድረስ ይወለውላል። ያ ብርሃን ለባለ ጫማው «እርስዎ» የሚያስብል ነው፤ ለልጁ ግን ሳንቲሙ ብቻ ይቀርለታል። ይህ ሥርዓት የሚፈርስበት አንድ ቦታ ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ ባለ ቆዳውም ባለ በረባሶውም እኩል በደጅ አውልቆ ይገባል። ሙሴም በተቀደሰው ምድር ላይ ሲቆም የታዘዘው ጫማውን እንዲያወልቅ እንጂ የተሻለ እንዲገዛ አልነበረም።

አባቴ ያጫወተኝ አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ወደ አገራችን ሲመጡ ቁጥራቸው ወደ 280 ይጠጋ ነበር፤ አብዛኞቹም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲያስተምሩ ተመድበው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባቴ በሚማርበት በጎጃም ትምህርት ቤት አንድ ወጣት አሜሪካዊ ጣቱ የሚታይ የቆዳ ሸበጥ ተጫምቶ ክፍል ገባ። ተማሪዎቹ ግራ ተጋቡ። ኢትዮጵያውያኑ መምህራን ከራቫት አስረው፣ ጫማቸውን ወልውለው የሚመጡ ናቸውና የዚህ ምክንያት ምን ይሆን? ደሞዙ ዘግይቶበታል ብለው ደመደሙ፤ የክፍሉ አለቃም ከእያንዳንዱ ተማሪ ሳንቲም ሰብስቦ ጫማ እንዲገዛለት ሐሳብ አቀረበ። ከሰብሳቢዎቹ ግማሹ በባዶ እግራቸው ነበሩ። ነገሩ ጆሮው የደረሰው አሜሪካዊ በማግሥቱ ጥቁር ጫማ አድርጎ መጣ፤ እስኪሄድም ድረስ ሸበጡን ዳግመኛ አላዩትም።

አባቴ ይህን የሚያወራው እየሣቀ ነበር፤ እኔ ግን ዛሬ ሳስበው ሁለቱንም ወገን እወዳቸዋለሁ። ልጁ ድህነትን እየኮረጀ አልነበረም፤ በአገሩ ሸበጥ የበጋ ጫማ ስለሆነ ነው። ተማሪዎቹም ተሳልቀው አልነበረም፤ ያዘኑለት ከልብ ነው። ዛሬ ግን እኔ በእሱ አገር በእሱ ቦታ ስቆም ነገሩ በትክክል አይገለበጥም። አሜሪካዊ ሊቅ በሸበጥ ሲገባ ነጻ መንፈስ ያለው ይባላል፤ ከአፍሪካ የመጣ መምህር በጎማ ሸበጥ ሲገባ ምን እንደሚባል ተመልካቹ ያውቃል። እኔን በአንድ ዓይን፣ እሱን በሌላ ዓይን የማየት ልማድ መኖሩን አልክድም። ጥያቄው ለዚያ ልማድ ስል እግሬን መሸፈን አለብኝ ወይ ነው።

በዚህ ላይ ከሁሉ የጠነከረውን ክርክር የሰማሁት ከአንድ አንጋፋ ጥቁር አሜሪካዊ ባልደረባዬ ነው። እኚህ ሰው ነሐሴም ይሁን ጥር ሙሉ ልብስ ሳይለብሱ አይመጡም፤ ጫማቸው ላይ ፊትን ማየት ይቻላል። «አባቶቻችን ውሻ ሲለቀቅባቸውም፣ በዱላ ሲደበደቡም የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው ነበር» አሉኝ። ልክ ናቸው። በ1960ዎቹ የሲቪል መብት ትግል ፎቶግራፎች ላይ የሚታየው ኮትና ከራቫት፣ የተወለወለ ጫማ፣ የሴቶቹ ቀሚስና ባርኔጣ በአጋጣሚ የተገኘ አልነበረም፤ እናንተ ዝቅ ብታደርጉንም እኛ ራሳችንን አናዋርድም የሚል ቃል ነበረው። ነገር ግን የዚያው ትግል ወጣቶች ሌላ መልስ እንደነበራቸውም አስታወስኳቸው። በደቡብ ክፍለ አገሮች ገብተው መራጮችን ይመዘግቡ የነበሩት የተማሪዎቹ ኮሚቴ አባላት፣ ኮቱን ትተው የጥጥ ገበሬውን የጂንስ ቱታ ለበሱ። እ.ኤ.አ. በ1963 በዋሽንግተኑ ታላቅ ሰልፍ ላይ፣ ባለ ከራቫቱ ሕዝብ መካከል፣ በዚያው ቱታ የቆሙ ነበሩ። ከገበሬው ጋር እየኖርን የገበሬውን ልብስ ልናፍርበት አይገባም ማለታቸው ነው። ባልደረባዬ አንገታቸውን ነቀነቁና «እነሱ ግን ወጣት ነበሩ» አሉ፤ ለክርክር ማሸነፊያ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ቢሆንም ልባቸውን ስለማውቅ ተውኩት።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልል ብቀር ለራሴ ክርክር ያደላሁ እመስላለሁ። በረባሶን ማክበር ባዶ እግርን ማሞገስ አይደለም። አንዳንድ ሰው፣ በተለይ የውጭ አገር ሰው፣ ስለ እግራችን ሲወራ ወዲያው አበበ ቢቂላን ያነሣል። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም 42 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማሸነፉ እስከ ዛሬ ያኮራናል። ይሁን እንጂ ያን የመረጠው አዲስ ጫማ እግሩን ስላልተስማማው ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ሲሮጥ ተጫምቶ ነበር፤ ሰዓቱም ከሮሙ ተሻለ። ባዶ እግር የኢትዮጵያዊ ተፈጥሮ ነው የሚል ተረት ከዚህ ታሪክ አይወጣም።

እንዲያውም በባዶ እግር መሄድ የሚያስከፍለውን ዋጋ የሚያውቅ ወላይታ ሄዶ የዝሆኔ ሕመምተኛን ያየ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረው ቀይ አፈር ላይ ዕድሜውን ሙሉ ሳይጫማ ያረሰ ሰው፣ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በቆዳው እየዘለቀ የእግሩን የሊምፍ መስመር ይጎዳበታል፤ እግሩ ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ይሸታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ይህ ሕመም በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየ፣ ከአፈር የሚመጣ መሆኑን በኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት አስረድተው፣ ከግሪክ «እግር»ና «አቧራ» ከሚሉት ቃላት ፖዶኮኒዮሲስ አሉት። በአገራችን የሚሠቃይበት ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ይገመታል። እርግማን ነው፣ ዘር ነው እየተባለ ጋብቻ የተከለከለ፣ ከማኅበር የተገለለ ብዙ ነው። መከላከያው ግን እግርን መታጠብና ከልጅነት ጀምሮ መጫማት ነው። እርግጥ ከአቧራ ለመከላከል ሁሉን የሚሸፍን ጫማ ከበረባሶ ይሻላል። ሆኖም የሚሸፍነውን መግዛት ያልቻለ ገበሬ እግሩንና እሾኹን፣ እግሩንና ድንጋዩን የለየው በዚህ ጎማ ነው። ያ ሰው ዘመናዊ ፋብሪካም ሆነ መንግሥት ያልሰጠውን ጫማ ራሱ ሠርቷል። እኔ ክፍል ይዤ የምገባው ይህን ነው፤ ድህነቱን አይደለም። ድህነቱ ጎማውን ያስመረጠው ነው፤ ሥራው ግን የእጁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳቅቀኝ ነገር አለ፤ እሱም የዋጋው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ቤተልሔም ጥላሁን ሶልሬብልስ የተባለውን ድርጅት መሥርታ፣ የበረባሶን ሐሳብ በተሸመነ ጥጥና በቆዳ አስውባ ለዓለም ገበያ አቀረበች። ለሰፈሯ ሰዎች ሥራ ፈጠረች፤ እኛ ያፈርንበትን እሷ ስም ሰጥታ ሸጠችው፤ አደንቃታለሁ። ግን በዶላር ከተገዛ በኋላ ያ ጫማ የፈለገ የሚያደርገው፣ ያልፈለገ የሚያወልቀው ነገር ሆኗል። ማውለቅ የሚችል ሰው መጫማቱና፣ ማውለቅ የማይችል ሰው መጫማቱ አንድ አይደለም። የዚያች እናት ቃል የሚቆረቁረኝ በዚህ በኩል ነው። እኔ ዛሬ ከሣጥኔ ውስጥ የቆዳ ጫማ አለኝ፤ በረባሶው ምርጫዬ ነው። እሳቸው ዘንድ ምርጫ ሆኖ አያውቅም።

ይህን ሁሉ አስቤም ክፍል ስገባ አላወልቀውም። ምክንያቴ ልጃቸው ነው። ያ ልጅ አንድ ቀን፣ የዘመናዊ መኪናና የውድ ስኒከር አገር ውስጥ፣ ስለ አያቱ እግር ይጠየቃል፤ ወይም ራሱን ይጠይቃል። ያኔ በረባሶን የሚያውቀው የሚሸሹት ነገር ሆኖ ብቻ ከሆነ አያቱንም አብሮ ይሸሻል። አንድ ሰው፣ በዚያ ጎማ ተምሮ የመጣ፣ ያን ጎማ ተጫምቶ ካልኩለስ ሲያስተምረው ካየ ግን ቢያንስ ሌላ ምስል ይኖረዋል፤ የትኛውን እንደሚይዝ ይወስን።

የምረቃ ቀን ግን ሌላ ነው። ክፍሉ የእኔና የተማሪዎቼ ነው፤ ምረቃው የወላጆች ነው። ሌሊት ሠርተው፣ እንቅልፍ አጥተው የከፈሉት ቀን ነውና እኔ ነጥብ የማስመዘግብበት አይደለም። ልጁ በተመረቀበት ግንቦት ወር ላይ ጥቁር የቆዳ ጫማዬን አወጣሁ፤ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው ጫማ ጠራጊ እስኪያበራ ወለወለልኝ። እናትየው በነጭ የሐበሻ ቀሚስ መጡ። ሰላም ሲሉኝ ዓይናቸው እንደ ልማዱ ወደ ታች ወረደ፤ ወዲያው ተመለሰ። ምንም አላሉም፤ እጄን ግን በሁለት እጃቸው ያዙት።